«ይሉኝታ» የት ይግባ?

በቀደም አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ላፕቶፑን ታቅፎ ቤቴ መጣ። «ጋሼ፣ ትንሽ ቃላት ያግዙኝ» ብሎ አንድ ሰንጠረዥ ከፈተልኝ። በግራ የእንግሊዝኛ ፍቺ ተደርድሯል፤ በቀኝ ባዶ ነው። ሥራው ባዶውን በአማርኛ መሙላት ነው። «ኮምፒውተር አማርኛ እንዲገባው የቃላት ፍቺ መዝገብ እየሠራን ነው» ሲለኝ ደስ አለኝ፤ ማን ይጠላል? ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። በቤዝቦል ጨዋታ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚቆመው ተጫዋች በአማርኛ ምን እንደሚባል ተጠየቅሁ። ጃን ሜዳ ላይ ገና ሲጫወቱ እንጂ ቤዝቦል ሲጫወቱ አላየሁም።

የሰንጠረዡ ምንጭ «ወርድኔት» ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካው የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ፣ የሥነ ልቦናው ሊቅ ጆርጅ ሚለር የጀመሩት ነው። እንደ ተራ መዝገበ ቃላት በፊደል ተራ አይሄድም። ተመሳሳይ ፍቺ ያላቸውን ቃላት አንድ ላይ ያስርና እስሩን ከሌላው ጋር ያዛምዳል፦ ውሻ አጥቢ ነው፣ አጥቢ እንስሳ ነው እያለ። እስሮቹ ከ117 ሺሕ በላይ ደርሰዋል። ግሩም ሥራ ነው፤ ለእንግሊዝኛ።

ሌሎች ቋንቋዎች የራሳቸውን ሲሠሩ ሁለት መንገድ ነበራቸው። አንዱ የራስን ቃላት ሰብስቦ፣ ዝምድናቸውን አበጅቶ፣ ኋላ ከእንግሊዝኛው ጋር ማገናኘት ነው። ሌላው የእንግሊዝኛውን እንዳለ ወስዶ መተርጎም። ይኼኛው ይረክሳል፣ ይፈጥናልም፤ የእኔው ልጅ የያዘውም እሱን ነው። በልጁ አልፈርድም፤ ገንዘብ የለ፣ ጊዜ የለ። በሥራው ግን እፈርዳለሁ።

እስቲ «ሆድ»ን እንየው አልኩት። ሰንጠረዡ ላይ ሆድ የአካል ክፍል ነው፤ አለቀ። ታዲያ ሆደ ሰፊ ማለት ቦርጫም ሰው ሊሆን ነው? ሆድ የባሰውን ሰው ሐኪም ቤት እንውሰደው? ምሥጢር የምንይዘው በሆዳችን ነው፤ እናት ልጇን «ሆዴ» ስትል ስለ ጨጓራዋ አይደለም የምታወራው። «ቆረጠ»ም እንዲሁ ነው። ሥጋ ይቆረጣል፣ ትኬት ይቆረጣል፣ ቀን ይቆረጣል፣ ተስፋ ይቆረጣል። ሁለቱ ሲገናኙ ደግሞ «ሆዴን ቆረጠኝ» ይመጣል፤ ቢላዋም የለ፣ ደምም የለ። ልጁ ሳቀ።

ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. በታተመው መዝገበ ቃላታቸው ግሡን አስቀድመው ከእሱ የሚወለዱትን ያስከትላሉ። ይህ እኮ ራሱ መረብ ነው! ሥጋ ቤት ያለው ቁርጥና ጦር ሜዳ ያለው ቆራጥ የአንድ ግሥ ልጆች ናቸው። በተተረጎመው ሰንጠረዥ ግን አንዱ በምግብ ሥር፣ ሌላው በጠባይ ሥር ይገባና ሳይተዋወቁ ይቀራሉ።

ከሁሉ የከነከነኝ «ይሉኝታ» ነው። እንግሊዝኛው ልኩን ቃል ስለሌለው ረድፍ አልተሰጠውም። የተሳሳተ ትርጉም አንድ ቀን አንዱ ያርመዋል፤ ጭራሽ ያልተጠየቀውን ቃል ግን ማን አስታውሶ ይፈልገዋል? ነገ የልጅ ልጆቻችን አማርኛ የሚጠይቁት ይህንኑ ማሽን ነው።

በማግስቱ ልጁ ደወለ። «ጋሼ፣ ይሉኝታን ኀፍረት ሥር ላስገባው?»

«የለም፣ አዲስ ረድፍ ክፈትለት፤ የግራው ባዶ ይሁን።»

ትንሽ ዝም አለ። «ግራው ባዶ ከሆነ ሰንጠረዡ አይቀበልም» አለኝ።