ጉራጌቶንና የጥርባው ልጅ

ቴዲ ዮ ስሙን ያስተዋወቀበት «ጉራጌቶን» የተሰኘው ነጠላ ዜማ በወጣ ሰሞን የእኛ ዘመን ሰዎች ፍርድ አጭር ነበር። «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ዘፈን ነው? መለፍለፍ!» ሰውየው ዛሬ ከአማርኛ ራፕ ፈር ቀዳጆች አንዱ ተብሎ ይጠራል። ፈራጆቹ ግን ፍርዳቸውን አላነሱም። እስቲ እኔ ለዘፈኑ ጠበቃ ልቁምለት፤ ከዚያ ደግሞ የምከሰው አለኝ።

ከርዕሱ እንጀምር። ሬጌቶን ከፓናማና ከፖርቶ ሪኮ የተነሣ የጭፈራ ሙዚቃ ነው። «ጉራጌ» እና «ሬጌቶን» የሚሉት ሁለት ቃላት «ጌ» ላይ ይገናኛሉ፤ መጋጠሚያዋ ተገኘችና ሁለቱ አንድ ቃል ሆኑ። ግጥም ያስተማረ ሰው እንዲህ ያለችውን ጨዋታ ሲያይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ርዕሱ ቃሉንም ጠብቋል። ባሕር ተሻግሮ የመጣው አነጋገር፣ የአዲስ አበባ ሰርገኛ ሁሉ የሚዘልበትን የጉራጌ ምት ይዞ ገባ። እንግዳው ባለቤቱን ሰላም ብሎ ገባ ማለት ነው፤ ነውሩ ምኑ ላይ ነው?

«መለፍለፍ» ለሚሉትም መልስ አለ። ሂፕሆፕ ተወለደ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1973 በኒውዮርክ ብሮንክስ ነው። በምት ላይ ቃል መደርደር፣ ራስን ማወደስ፣ ተቀናቃኝን መዝለፍ ግን ለእኛ የትናንት እንግዳ አይደለም። ፉከራና ቀረርቶ ምን ነበር ታዲያ?

ክሴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ተከሳሾቹም የ«ጉራጌቶን»ን ስኬት አይተው የተከተሉት ናቸው። ፉከራ ምስክር አለው። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያየ ሰው ይገባዋል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ሲሰባሰብ፣ ጋላቢው ራሱን የሚያወድሰው አባቱንም ሰፈሩንም በሚያውቅ ሕዝብ ፊት ነው። ጉራ ቢያበዛ ፈረሱ ይመሰክርበታል! የዛሬው ተከታይ ግን ምቱን ከአያቶቹ፣ ጉራውን ከቪዲዮ ክሊፕ ይዋሳል። ምቱን አንሡና ግጥሙን ወረቀት ላይ አንብቡት። ቤት ይመታል፤ ቤቱ ውስጥ ግን ሰው የለም።

ይህ ለጥርባ ምኗ ነው? ብዙ ነገሯ ነው እንጂ! ከአያቱ ጋር አገውኛ የሚያወራ ልጅ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ስለ ቦሌ ሌሊት ግጥም ይደረድራል። ቦሌን አያውቃትም። የሚያውቀው ገበያውን፣ ጭቃውን፣ ፈረሱን፣ ሥራ ፍለጋ የወጣውን ወንድሙን ነው። እነዚህ ለራፕ የማይመጥኑ መስለውታል። አገውኛው ደግሞ ለአያት ብቻ የሚነገር ቋንቋ ሆኖ ሊቀር ነው፤ አያት ስታልፍስ ከማን ጋር ይወራል?

ልጁ ከ«ጉራጌቶን» መቅዳት ያለበት የጉራጌን ምት አይደለም፤ እሱማ ባለቤት አለው። የሚቀዳው ድፍረቱን ነው፤ አጠገቡ ያለው ድምፅ ለአዲሱ ሙዚቃ እንደሚበቃ ማመኑን። እኛ አስተማሪ ነን ባዮችም «መለፍለፍ» ማለቱን ትተን ግጥሙን እንስማለት። ይህቺ ስንኝ ባዶ ናት፣ ያቺኛዋ ግን ያንተ ናት እንበለው። ከእኛ ካልሰማው ከማን ይሰማዋል?