ስለ ተሳሰሩ ዝርዝሮች ስያሜ፤ በአንድ የትርጉም ረቂቅ ላይ የቀረበ ሂስ

ነዋሪዎችን በኮምፒዩተር ለመመዝገብ በሚያገለግል ፕሮግራም ላይ የተዘጋጀ አንድ መመሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ተመልሶ፣ ረቂቁ ለአስተያየት ደርሶን ነበር። ተርጓሚዎቹ የደከሙበት ሥራ መሆኑ ከገጽ ገጽ ይታያል። የዓረፍተ ነገሩ አሰካክ በአብዛኛው አማርኛ አማርኛ ይሸታል፤ የባዕድ ቃል ሳያስፈልግ አልገባበትም። ይሁን እንጂ መመሪያው ዋና ቁም ነገሩን በሚያስረዳበት ክፍል፣ ማለትም አንዱ ዝርዝር ሌላውን እንዴት እንደሚለውጥ በሚናገርበት ሥፍራ፣ የተመረጡት ቃላት አንባቢውን ወደ ስሕተት የሚመሩ ሆነው አግኝተናቸዋል። ጉድለቱ የእነዚህ ተርጓሚዎች ብቻ ስላልሆነ ጉዳዩን በይፋ መመርመሩ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

በመጀመሪያ አሠራሩን በአጭሩ እንግለጽ። በመዝጋቢው መስኮት ላይ ክልል፣ ዞንና ወረዳ የሚመረጥባቸው ሦስት ሳጥኖች አሉ። እያንዳንዱ ሲነካ ዝርዝሩን ይዘረጋል። ክልል ሲመረጥ የዞኑ ሳጥን የዚያን ክልል ዞኖች ብቻ መያዝ አለበት፤ ዞን ሲመረጥም የወረዳው ሳጥን እንዲሁ።

ረቂቁ እነዚህን ሳጥኖች አንድ ጊዜ «ተቆልቋይ ምናሌ»፣ ሌላ ጊዜ «ጥምር ሳጥን» ይላቸዋል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ምናሌ ትእዛዝ የሚመረጥበት ነው፤ «አስቀምጥ» ወይም «አትም» ሲባል ሥራው ወዲያው ይፈጸማል። ዝርዝር ግን በመዝገቡ ውስጥ የሚቀመጥ መረጃ የሚመረጥበት ነው። ጥምር ሳጥንም ስያሜውን ያገኘው የመጻፊያ ቦታንና የመምረጫ ዝርዝርን ስላጣመረ ነው፤ መጻፍ በማይፈቀድበት ሳጥን ላይ ቢለጠፍ ተጠቃሚው ያልተፈቀደለትን እንዲሞክር ይጋብዘዋል። «ተቆልቋይ» የሚለውም ከተግባሩ ይልቅ ከቅርጹ የተወሰደ ነው። ሳጥኑ በማያው ግርጌ ሲገኝና ከሥሩ ቦታ ሲያጣ ዝርዝሩ ወደ ላይ ይዘረጋልና፣ ያን ጊዜ ቁልቁል የሚለው ፍች ከሚታየው ጋር ይጣላል። ቢሆንም ቃሉ ስለተለመደ ይነቀል አንልም።

«ጥገኛ ዝርዝር» የሚለውን ግን አንቀበለውም። ጥገኛ በአማርኛ በሌላው ላይ ተጣብቆ የሚኖር፣ የራሱን የማያበረክት ማለት ነው፤ በሥነ ሕይወት መጻሕፍትም ጥገኛ ተሕዋስያን እንላለን። የዞኑ ዝርዝር ከክልሉ ምርጫ የሚቀበለው ወሰን እንጂ ሕይወት አይደለም። እዚህ ላይ የሰዋስው ትምህርት ይረዳናል። በአማርኛ ዓረፍተ ነገር ባለቤቱ የግሱን መድረሻ ይወስናል፤ «እሷ መጣች» እንላለን፣ «እሷ መጣ» አንልም። ግሱ ከባለቤቱ ጋር ይስማማል እንጂ የባለቤቱ ጥገኛ አይባልም። ስለዚህ ወሳኙን መሪ ዝርዝር፣ ተወሳኙን ተመሪ ዝርዝር ማለት ይበቃል።

ከሁሉ የከፋው «ይዘምናል» የሚለው ነው። ረቂቁ «ክልሉ ሲቀየር ዞኑ ይዘምናል» ይላል። ማዘመን ከዘመን የወጣ ግስ ነው፤ ነባሩን ነገር ከጊዜው ጋር ማስተካከል ማለት ነው። ፕሮግራሙን ራሱን አዘመንን ብንል ያስኬዳል፤ ያው ፕሮግራም ነው፣ የተሻለ ሆነ። የዞኑ ዝርዝር ግን ነባሩ ወጥቶ ሌላ ገባበት እንጂ አልተሻሻለም። በሳጥኑ ውስጥ የነበረው ምርጫም ሊሻሻል አይችልም፤ ሊሰረዝ ብቻ ይችላል። ዝርዝሩ ይሞላል፣ ምርጫው ይጸዳል፤ ሁለቱን ሥራዎች አንድ ግስ ውጧቸዋል።

ይህ የቃላት ጨዋታ አለመሆኑን አንድ ምሳሌ ያሳያል። ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን በአማራ ክልልም በኦሮሚያ ክልልም አለ፤ የአንዱ ዋና ከተማ ደብረ ብርሃን፣ የሌላው ፍቼ ነው። መዝጋቢው አማራን፣ ሰሜን ሸዋን፣ አንኮበርን መርጦ ሳለ ክልሉን ወደ ኦሮሚያ ለወጠ እንበል። ፕሮግራሙ ምርጫውን ሳያጸዳ ቢቀር፣ ወይም ዞኖችን በመለያ ቁጥር ሳይሆን በስም ብቻ ቢያመሳስል፣ «ሰሜን ሸዋ» የሚለው ጽሑፍ በቦታው ይታያል፤ አንኮበርም ከሥሩ ይቀራል። «ዘምኗል» የሚል መመሪያ ያነበበ መዝጋቢ የቀረው ሁሉ ትክክል ነው ብሎ ያስቀምጠዋል። «የዞንና የወረዳ ምርጫዎ ይጸዳል፤ እንደገና ይምረጡ» የሚል ቢያነብ ግን ስሕተቱን ራሱ ይይዘዋል።

ሌላው ነገር አቅጣጫ ነው። ረቂቁ «ዝርዝሮቹ እርስ በርስ ይለዋወጣሉ» ይላል። ተለዋወጠ ማለት አንዱ የሌላውን ወሰደ ማለት ነው፤ ክልልና ዞን ግን የሚሰጣጡት የለም። በዚህ ላይ መሪነቱ ከላይ ወደ ታች ብቻ ከሆነ «እርስ በርስ» ሐሰት ነው። ተጠቃሚው ከወረዳው ጀምሮ ዞኑና ክልሉ እንዲሞሉለት የሚፈቅዱ ፕሮግራሞች በእርግጥ አሉ፤ ቃሉ ለእነዚህ ብቻ ይቆይ። በእነርሱም ዘንድ ቢሆን «ሰሜን ሸዋ» በስሙ ብቻ ሲመረጥ ሁለት ክልሎችን ስለሚጠቁም፣ ወደ ላይ የሚደረገው ጉዞ ሁልጊዜ ቀና አይደለም።

ሦስተኛው ነጥብ የፕሮግራም ጸሐፊዎችን በተለይ ይመለከታል። በዊንዶውስ ፎርምስ «ሰሌክትድ ኢንዴክስ ቼንጅድ» የሚባለው ሁነት ምርጫው በሰውም ተለወጠ በፕሮግራሙ ይቀሰቀሳል፤ «ሰሌክሽን ቼንጅ ኮሚትድ» ግን ተጠቃሚው ራሱ ሲለውጥ ብቻ ነው። በኪዩትም «ከረንት ኢንዴክስ ቼንጅድ» እና «አክቲቬትድ» በተመሳሳይ ይለያያሉ። ረቂቁ ሁሉንም «ምርጫ ሲቀየር» ብሏቸዋል። በአማርኛ በ«ተ» የሚጀምረው ግስ አድራጊውን ይሰውራል፤ «በሩ ተከፈተ» ሲባል ሰው ከፈተው ወይስ ነፋስ፣ አይታወቅም። ለመጀመሪያው ሁነት ይህ መሰወር ትክክለኛ ነው፤ ለሁለተኛው ግን ዋናውን ፍች ያጠፋል። ጉዳቱም ይታያል። ተጠቃሚው አንኮበርን ይመርጣል፤ ፕሮግራሙ ክልሉን አማራ ያደርጋል፤ የክልሉ መለወጥ ዞኖቹን እንደገና ያስሞላና የመጀመሪያውን ዞን ያስመርጣል፤ ወረዳዎቹም በተራቸው ይሞላሉ፤ አንኮበር ይጠፋል። ተጠቃሚው የመረጠውን ራሱ ምርጫው አጠፋበት ማለት ነው። «ምርጫው ሲለወጥ» እና «ተጠቃሚው ሲመርጥ» ተብለው ቢለዩ የትኛው ሁነት እንደሚያስፈልግ ከስያሜው ይገባ ነበር።

«ማዘመን» በየስልኩ ላይ ተለምዷል፣ አሁን መለየት ምን ይጠቅማል? የሚል መከራከሪያ ሊቀርብ ይችላል። ልማድ ክብደት እንዳለው አንክድም፤ «ተቆልቋይ»ን የተውነውም ለዚህ ነው። ሆኖም «ተቆልቋይ» ሥዕሉን ብቻ ሲያዛባ «ይዘምናል» ሥራውን ያዛባል። የመጀመሪያውን ዓይን ያርመዋል፤ ሁለተኛው ግን በመዝገብ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል።

በዚህ መሠረት የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው፦

1ኛ/ መረጃ የሚመረጥበትን ተቆልቋይ ዝርዝር፣ መጻፍም የሚቻልበትን ጥምር ሳጥን እንበል፤ ምናሌ ለትእዛዝ ይቆይ።
2ኛ/ በጥገኛ ፈንታ መሪና ተመሪ ይባል፤ መሪነቱ በሁለቱም አቅጣጫ ሲሆን ብቻ የተሳሰሩ ዝርዝሮች ይባሉ።
3ኛ/ ለዝርዝሩ እንደገና መሙላት፣ ለምርጫው ማጽዳት፣ ሁለቱን ማጣጣም ሲያስፈልግ ማስማማት ይግባ፤ ማዘመን ለፕሮግራሙ ለራሱ ይሁን።
4ኛ/ ሁነት ሲሰየም አድራጊው ማን እንደሆነ ይገለጽ።

ተርጓሚ ቃል ከመምረጡ በፊት ነገሩ ሲሠራ ቆሞ ማየት ይገባዋል። ረቂቁ ከመታተሙ በፊት ተርጓሚዎቹ ከፕሮግራሙ ፊት ተቀምጠው አንድ ጊዜ ክልል ቢለውጡ፣ ከዚህ ሂስ የበለጠ ያስተምራቸዋል ብለን እናምናለን። ከሐሳባችን የተሻለ ስያሜ ያለው ባለሙያም ቢያቀርብ በደስታ እንቀበላለን።