ሽማግሌው ሳይላክ

በሴቶች ላይ የሚፈጸምን ጥቃት የሚቃወመው የነጭ ሪባን ቀን በእኛ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ ኅዳር 16 ይውላል፤ የ16 ቀኑ ንቅናቄም እስከ ታኅሣሥ 1 ይቀጥላል። በላስታ ያለዕድሜ ጋብቻን ለማስቀረት ለሚሠራ ሰው ይህ ቀጠሮ የተመቸ ነው፤ ምክንያቱ ግን የመድረኩ ንግግር አይደለም። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። ጾም ስለሆነ ሠርግ የለም፤ እህሉ ግን እየተወቃ ነው፤ አባት ጎተራውን አይቶ «ዘንድሮስ ልድራት» የሚለው ያኔ ነው። ገና አልፎ ጥምቀት ሲወጣ ሠርጉ ይጀመራል። እንግዲህ የእኛ የሥራ ወቅት ጾሙ ነው።

ጠላው ከተጠመቀ በኋላ የሚደርስ ሰው የሚያተርፈው ጠብ ነው። ዘመድ ተጠርቷል፣ ጥሎሽ ተቆርጧል፤ አባት ልቡ ቢመለስ እንኳ በአገሩ ፊት ቃሉን ያጠፈ ሰው ይሆናል። ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ከ13 ዓመት በታች የሆነች ልጅ ያገባን እስከ 7 ዓመት፣ 13 የሞላትንና ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ያገባን እስከ 3 ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣል። ይህን የሰሙ ወላጆች ድግሱን ተዝካር ወይም ማኅበር ነው ይላሉ። ስለዚህ ገበያውንም ማየት ያስፈልጋል፤ ሟች በሌለበት ቤት ጌሾና ብቅል በብዛት ከገባ ሄዶ መጠየቅ ነው። የዕድሜ ምርመራ ሲታዘዝ ታላቅ እህቷን በታናሿ ስም ጤና ጣቢያ የሚልክ ቤተሰብም አለ።

አባት ልጁን የሚድረው ጠልቷት አይደለም። በትምህርት ቤት መንገድ ትጠለፍብኛለች፣ ቆማ ትቀርብኛለች ብሎ ይፈራል። ለዚህ ፍርሃት አንቀጽ መጥቀስ መልስ አይሆንም። መልሱ ልጆቹ በቡድን የሚሄዱበትን መንገድ ማመቻቸት ነው፤ ላሊበላ ከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩትን አደራ የምትቀበል ሴት ማግኘት ነው። በጎጃም ይልማና ዴንሳ፣ ሞሰቦ ላይ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የተሞከረው «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ፕሮግራም ልጁን ሳይድር ላቆየ ቤተሰብ በመጨረሻ በግ ይሰጥ ነበር። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጆች ዘንድ ጋብቻ በእጅጉ ቀነሰ። እኔ ከበጉ ይልቅ የምወድለት ለአባት ለጎረቤት የሚነግረው ምክንያት መስጠቱን ነው።

በላስታ ደግሞ የዲያቆናቱ ነገር አለ። ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት ድንግል አግብቶ መቁረብ አለበት፤ ደብርና ገዳም በበዛበት አገር ይህ ብዙ ቤት ያንኳኳል። አባቶች በልጅነቷ መስጠትን ዋስትና ያደርጉታል። ይህን ጉዳይ እኔ አላነሣውም። አስቀድሜ የንስሐ አባቱን ቤታቸው ሄጄ፣ «አባ፣ ሥርዓቱ የ18 ዓመት ድንግልን ይከለክላል እንዴ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አይከለክልም። እሳቸው ያንኑ በሰንበቴ ላይ ሲናገሩት ሰው ይሰማል፤ እኔ ብናገረው ከተማ የላከኝ ቃል ይመስላል።

የሰሜኑ ጦርነት ይህን ሁሉ አከበደው። ላሊበላ በሐምሌ 2013 መጨረሻ ተያዘች፤ በጎረቤት ጋይንት፣ ንፋስ መውጫ፣ የትግራይ ታጣቂዎች እንደደፈሯቸው የመሰከሩ 16 ሴቶችን ቃል አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. አወጣ። ከዚያ ወዲህ «ወታደር ሳይደርስባት» ብሎ ልጁን የሚድር አባት ስናይ ልባችን ይሰበራል፤ የፈራው እውነት ነውና። ከሴቶች ጋር የምናደርገው የቡና ላይ ውይይትም ተለወጠ። ማን ምን እንደደረሰባት አንጠይቅም። በየጀበናው ዙሪያ ለሁሉም አንድ ዓይነት እንናገራለን፦ የተደፈረች ሴት የኤችአይቪ መከላከያውን መድኃኒት መጀመር ያለባት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ቶሎ በሄደች ቁጥር ይሻላል። ከዚያም ከመንደሩ ላሊበላ ሆስፒታል ለመድረስ በእግር ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ በሌሊት ማን አብሯት እንደሚሄድ፣ በቅሎ ማን ቤት እንዳለ እዚያው እንነጋገራለን።