ሸምሱ ይመታኛል

እናቴ የጎንደር፣ አባቴ የኦምዱርማን ሰው ናቸው፤ እኔ የተወለድኩት ኻርቱም፣ ዴም ሰፈር ነው። ስለ ቤታችን ፊልም ልሠራ ስነሳ መጀመሪያ ያጠፋሁት ማይክሮፎን ደረቷ ላይ ሰክቼ «ንገሪኝ» ማለቴ ነበር። ካሜራ ስታይ እናቴ የጠራ አማርኛ ታወራለች። የነገረችኝ ሁሉ እውነት ነው፤ ድምፁ ግን የእሷ አይደለም። ቤታችን በአማርኛ የተጀመረ ወሬ በአረብኛ ነበር የሚያልቀው።

ጥያቄውን ትቼ ቡና እንድታፈላልኝ ለመንኳት። ቡናውን ቆልታ፣ እንደ ሱዳኖቹ ዝንጅብል ጨምራ ስትወቅጥ የሙቀጫው ምት ይለወጣል። ጎንደር አክስቴ ቤት የቀዳሁትን ውቀጣ ከእሱ ጎን አድርጌ ስሰማ ልዩነቱን ጆሮዬ ወዲያው ያዘው። ከዚያ ወዲህ ድምፁን ሳልቀዳ ምስል አልነካም። እጇ ሥራ ሲይዝ ምላሷም ይፈታል፦ «ያ ወለዲ፣ ከሰሉን ወዲህ በል።»

ብዙ ሰው ሙግረንን ቅረጽ ይለኛል፤ ዓባይና ነጭ ዓባይ የሚገናኙበትን። ውብ ነው። ነገር ግን እዚያ ሁለቱ ውሃዎች ቀለማቸው ሳይደባለቅ ጎን ለጎን ሲፈሱ ይታያል፤ የእኛ ቤት እንደዚያ አልነበረም። አማርኛውንና አረብኛውን በሁለት ቀለም የግርጌ ጽሑፍ ለይ ላለኝ የሙያ ባልደረባዬም እሺ አላልኩም። እናቴ ያልለየችውን እኔ በምን ሥልጣን እለያለሁ?

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ በመተማ በኩል ወጣን። ሰፈሩ ለካሜራዬ ተዘጋ። በ2025 እ.ኤ.አ. ሰንዳንስ ላይ የታየው «ኻርቱም» ዘጋቢ ፊልም ላይ ከተማቸውን ጥለው የተሰደዱ አምስት ሰዎች ትዝታቸውን ራሳቸው መልሰው ሲተውኑት አየሁ። ከተማው ባይኖርም ሰውነታቸው ያስታውሰዋል። ይህን ፊልም ባላይ ኖሮ ሥራዬን እተወው ነበር።

አዲስ አበባ በተከራየነው ክፍል እናቴ ረከቦቱን ዘርግታ ተቀመጠች። የዴሙን ቤት እያሰበች እንድታፈላ ብቻ ነበር የጠየቅኳት። ስኒዎቹን ደረደረች፤ ጀበናውን ጣደች፤ ከዚያ ተነሥታ በርጩማዋን ወደ ግራ አሸሸች።

«ምነው እማዬ?»

«ሸምሱ ይመታኛል።»

በዚያ በኩል ፀሐይ የሚያስገባ መስኮት የለም። የዴሙ ቤታችን መስኮት ግን በዚያ በኩል ነበር። ካሜራውን ወደ ባዶው ግድግዳ አዞርኩት።