ቤተ መዘክርና ባለቤቱ

ሙዚየም የሚለው ስም ከባሕር ማዶ የመጣ ቢሆንም ሥራው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ሊቃውንት «ቤተ መዘክር» ብለው ሲሰይሙት «ዘከረ»፥ ማለት አሰበ፥ አስታወሰ፥ ከሚለው የግዕዝ ግስ አውጥተው ነው። ስሙን ልብ ብሎ ለተመለከተው ሰው ይህ ቤት ዕቃ የሚከማችበት ጎተራ ሳይሆን ያለፈው የሚታሰብበት ቤት ነው። ማሰብ ግን አሳቢ ይፈልጋል። የማን እንደ ሆነ፥ ከወዴት እንደ መጣ፥ ማን እንደሚጠብቀው ያልተጻፈለት ዕቃ ወርቅም ቢሆን ከወርቅነቱ በቀር የሚናገረው የለውም። በዛሬው ጽሑፋችን ስለ ጎንደር ቤተ መዘክር ስናነሣ የሕንፃውን ውበት ለማመስገን አይደለም፤ ስለ አስተዳደሩና ስለ ማሻሻያው እቅድ፥ ለባለሥልጣኖችም ለመምህራንም ለተማሪዎችም ይጠቅማል የምንለውን ሂስ ለማቅረብ ነው እንጂ።

በጎንደር ፒያሳ የሚመላለስ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ዘመን ይመለከታል። በዙሪያው የሚያያቸው የፖስታ ቤቱና የሲኒማ ቤቱ ዓይነት ሕንፃዎች ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ኢጣሊያኖች ከተማዪቱን ይዘው በነበረ ጊዜ የተሠሩ ናቸው፤ በዚያን ጊዜ ለከተማዪቱ ፕላን ያወጣው ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለ የኪነ ሕንፃ ባለሙያ ነበር። ከዚያው ወደ ደቡብ ጥቂት እልፍ ሲል ደግሞ ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. በቆረቆሯት ከተማ መካከል እርሳቸውና ተከታዮቻቸው ያሠሯቸው ግንቦች 900 ሜትር በሚሆን ቅጥር ተከብበው ይገኛሉ። ይህ ግቢ ከደብረ ብርሃን ሥላሴ፥ ከቁስቋም፥ ከፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕርና ከሌሎች ሥፍራዎች ጋር በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በራስ ሚካኤል ስሑል ስም የሚነሣው ራስ ግንብም በየዘመኑ ለልዩ ልዩ አገልግሎት ሲውል ቆይቶ በኋላ ታድሶ ቤተ መዘክር ሆኗል። በቁስቋምም የእቴጌ ምንትዋብ፥ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ ዐፅም ለጎብኚ ይታያል።

ይህን ሁሉ ያየ ሰው «ጎንደር ራሷ ቤተ መዘክር ናት» ይላል። አባባሉ ለጆሮ ይጥማል፤ ለአስተዳደር ግን አይበጅም። ከተማው ሁሉ ቤተ መዘክር ከሆነ የቤተ መዘክሩ ተጠያቂ ማን ነው? ሂሳችንም የሚነሣው ከዚሁ ጥያቄ ነው። ስለ ቅርስ የሚቀርቡ እቅዶች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ለዓይን ከሚታየው፥ ይኸውም ከግድግዳው፥ ከጣሪያው፥ ከመብራቱና ከመንገዱ ነው። በቅርብ ዓመታት በፋሲል ግቢ የተካሄደው ሰፊ የጥገና ሥራ አስፈላጊ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ሊፈርስ የተቃረበ ግንብ ቀጠሮ አይሰጥምና። ነገር ግን ግንብ ቢታደስ ቤት ታደሰ ማለት ነው እንጂ ቤተ መዘክር ተቋቋመ ማለት አይደለም። ቤተ መዘክር የሚቋቋመው በመዝገቡና መዝገቡን ይዞ በስሙ በሚጠየቀው ሰው ነው። እኛ እንደሚመስለን ማሻሻያው መጀመር ያለበት ከዚህ ነው።

ይህን የምንለው ለቃል ማሳመሪያ ሳይሆን የጎንደር ታሪክ ራሱ ምስክር ስለሆነ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ብዙ መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት አስነሥተው ወደ መቅደላ አስወሰዱ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ በአምባው ላይ የተገኘው ሀብት ተዘረፈ፤ ለማጓጓዝም 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች እንዳስፈለጉ፥ በደላንታ ሜዳም ላይ ጨረታ እንደ ተደረገበት የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ከተወሰዱት የብራና መጻሕፍት 350 የሚሆኑት ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዐፄ ኢያሱ ለቁስቋም ማርያም እንደ ሰጡት የሚነገርለት የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ ደግሞ በዚያው ከተማ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ተቀምጠዋል።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። ጽዋው የቁስቋም መሆኑ የሚታወቀው በአፍ ወሬ ብቻ አይደለም፤ የሰጪዎቹ ስምና የተቀባዪቱ ቤተ ክርስቲያን ስም በራሱ በጽዋው ላይ ተቀርጾ ስለሚገኝ ነው። አንጥረኛው ያንን ጽሑፍ ሲቀርጽ ዕቃው ባሕር ይሻገራል ብሎ አላሰበም ይሆናል። ነገር ግን ዘራፊው ሊፍቀው ያልቻለ መዝገብ ትቶልናል። ከመቅደላ በተወሰዱት የብራና መጻሕፍትም ውስጥ እንደዚሁ የባለቤቱን ደብር ስም የሚናገሩ ጽሑፎች ይገኛሉ። ዛሬ ኢትዮጵያ «የኔ ነው» ብላ ስትከራከር ጠበቃ የሚሆናት ይህ ጽሑፍ ነው።

ሁለተኛውን ምስክር ደግሞ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1932፥ ማርሴል ግሪዮል የሚመራው፥ ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጎንደር ገብቶ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ሥዕሎች ከግድግዳው አስነሣ፤ በእነርሱም ምትክ ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለ ሠዓሊ የሣላቸውን ቅጂዎች አኖረ። የቀድሞዎቹ ሥዕሎች ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። ይኸው ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2025 የዚያ ጉዞ ዕቃዎች እንዴት እንደ ተሰበሰቡ የሚመረምር ኤግዚቢሽን ለሕዝብ አሳይቷል።

የሁለቱን ነገር ልዩነት ማስተዋል ይገባል። ከመቅደላ የተወሰደው በጦር ኃይል ነው፤ ከአባ እንጦንስ የተወሰደው ግን በስምምነት ስም ነው። በጦር የሚመጣውን ሰው መዝገብ አያቆመውም፤ ኋላ ግን ይመሰክርበታል። በስምምነት ስም የሚመጣውን ግን ገና ከደጃፍ ሊያቆመው ይችላል። «ይህ ዕቃ የማን ነው? እንዲወጣ የመፍቀድ ሥልጣን ያለው ማን ነው? ፈቃዱስ የት ተጻፈ?» የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች የሚጠይቅ ሰው በበሩ ላይ ካለ፥ አሮጌ ሥዕል በአዲስ ቅጂ አይለወጥም።

እነዚህንም ጥያቄዎች ከአውሮፓ የተዋስናቸው አይደሉም። በአብያተ ክርስቲያናችን ንዋየ ቅድሳቱን ተረክቦ የሚጠብቅ ገበዝ አለ። የደብሩ ርስትና ሀብት ደግሞ በወንጌሉ ባዶ ቅጠሎች ላይ እየተመዘገበ ይኖር ነበር፤ ሰጪው፥ የተሰጠው ነገር፥ ምስክሮቹም ተጽፈው፥ የሚሰርቀውና የሚፍቀው ሰው በግዝት እንዲታሰር ይደረግ ነበር። እንግዲህ አባቶቻችን ዛሬ አስተዳደር የምንለውን ነገር በሦስት ቃል ጨርሰውታል፤ መዝገብ፥ ጠባቂ፥ ተጠያቂነት። የዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 በፕራግ ባጸደቀው አዲስ ትርጓሜ ሙዚየምን ለትርፍ ያልቆመ፥ ቋሚ የሆነ፥ ኅብረተሰቡን የሚያገለግል፥ ቅርስን የሚመረምር፥ የሚሰበስብ፥ የሚጠብቅ፥ የሚተረጉምና የሚያሳይ ተቋም ብሎታል። ከነዚህ ቃላት ሁሉ ለእኛ ክብደት ያለው «ቋሚ» የሚለው ነው። ሹም ይሻራል፥ ጠባቂ ጡረታ ይወጣል፤ መዝገቡ ግን ከእጅ ወደ እጅ በፊርማ እየተላለፈ ሲኖር ያን ጊዜ ቤቱ ቋሚ ይባላል።

ወደ አስተዳደሩ ስንመለስ የጎንደር ቅርስ ባለቤት ያጣ አይደለም፤ ባለቤት የበዛበት ነው። የዓለም ቅርስ በመሆኑ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ይመለከተዋል፤ የክልሉ የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ይመለከተዋል፤ የከተማው አስተዳደርም እንደዚሁ፤ የአድባራቱ ሀብት ደግሞ የቤተ ክህነት ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ እንዲመዘገብና ባለይዞታው እንዲጠብቀው ያዝዛል። እያንዳንዱ በየራሱ ትክክል ነው። ነገር ግን አንድ ብራና በክረምት እርጥበት ሲነካው ማን በዚያው ቀን ውሳኔ ይሰጣል? ደብዳቤው ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲዞር ሻጋታው የማንንም ፊርማ አይጠብቅም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ማሻሻያ በጽሑፍ የተወሰነ መተዳደሪያ ደንብና አንድ የአስተዳደር ቦርድ መሆን አለበት እንላለን። በቦርዱም የከተማው አስተዳደር፥ የክልሉ ቢሮ፥ የቅርስ ባለሥልጣኑ፥ ቤተ ክህነት፥ እ.ኤ.አ. በ1954 በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፥ የትምህርት ቤት መምህራንና የአገር ሽማግሌዎች ቢወከሉ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ቦርድ ይመክራል፥ ይቆጣጠራል እንጂ ቁልፍ አይይዝም። ቁልፉን የሚይዘው በሙያው የሠለጠነ አንድ ኃላፊ ይሁን፤ በየዓመቱም ዕቃው በመዝገቡ ልክ መገኘቱን አስቆጥሮ ውጤቱን ለሕዝብ ያስነብብ። ከመግቢያ ዋጋ ከሚገኘውም ገንዘብ የተወሰነው ክፍል ለቤቱ ጥበቃ እንዲቀር በደንቡ ቢጻፍ ኃላፊው ለአንድ መጋረጃ መግዣ የበጀት ዓመት እስኪብት ድረስ አይጠብቅም።

የእቅዱም ቅደም ተከተል ከዚሁ ሐሳብ ይመነጫል። አንደኛ፥ ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ይሰጠው፤ መጠኑ፥ የተሠራበት ነገር፥ የመጣበት ቦታና መንገድ፥ ያለበት ሁኔታ ይጻፍ፤ ፎቶግራፍም ይነሣ። መዝገቡ በሁለት ቅጂ ሆኖ አንዱ ከከተማው ውጭ ይቀመጥ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ የደሴ ሙዚየም መዘረፉን የሰማ ሰው የሁለተኛው ቅጂ ጥቅም አይጠፋውም። ሁለተኛ፥ ለትርኢት ያልወጣው ዕቃ የሚቀመጥበት ደረቅ ክፍል ይዘጋጅ። ብራና እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፥ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በዚህ መመላለስ ቀለሙ ይረግፋል። ብርሃንም እንደዚሁ ቀለምን ይበላልና በብራናና በጨርቅ ላይ የሚያርፈው ብርሃን፥ ለክስ በተባለው መለኪያ ሲሰፈር፥ ከ50 ባይበልጥ ይመረጣል። ለዚህ የሚያስፈልገው ወፍራም መጋረጃ፥ ከወለል ከፍ ያለ መደርደሪያ፥ እርጥበት መለኪያና በየዕለቱ መለኪያውን አይቶ የሚጽፍ ሰው ነው።

ሦስተኛው ነገር በተለይ የዚህን መጽሔት አንባቢዎች ይመለከታል፤ ይኸውም ከዕቃው አጠገብ የሚሰቀለው የመግለጫ ጽሑፍ ነው። ይህ ጽሑፍ አጭር በመሆኑ ማንም እንደ ሥነ ጽሑፍ አይቆጥረውም፤ ነገር ግን ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ ብዙ አንባቢ ያለው እርሱ ነው። «ጥንታዊ መስቀል» ብሎ የሚያቆም መግለጫ ምንም አልተናገረም፤ ጥንታዊ መሆኑንማ ተመልካቹ በዓይኑ አይቶታል። ማን አሠራው? ለየትኛው ደብር ተሰጠ? በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ ከእሳት እንዴት ተረፈ? ይህን በሦስት ወይም በአራት ዓረፍተ ነገር፥ በጠራ አማርኛ መጻፍ የደራሲ ሥራ ነው። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው መጥተው የአንድ ዕቃ ታሪክ መርምረው መግለጫ እንዲጽፉ ቢያደርጉ፥ ተማሪው ድርሰትንም ታሪክንም በአንድ ቀን ይማራል። ቤተ መዘክሩም ነገ ጠባቂ የሚሆነውን ሰው ዛሬ ያገኛል።

«ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በደረሰው ግጭት ጎብኚ በቀነሰበት፥ ሕዝቡም በብዙ ችግር ባለበት ጊዜ ስለ መዝገብና ስለ መግለጫ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉ አይጠፉም። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። እኛ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው እንላለን። ሰላም በሌለበት ጊዜ ግንብ ማደስ ከባድ ነው፤ መዝገብ መጻፍ ግን የሚፈልገው ወረቀት፥ ካሜራና የታመነ ሰው ነው። ቅርስ ከቦታው የሚጠፋውም አብዛኛውን ጊዜ የሰው ልብ በሌላ ጭንቀት በተያዘበት ወራት ነው። ስለዚህ መዝገቡ የደኅና ቀን ጌጥ ሳይሆን የክፉ ቀን ስንቅ ነው።

በ2010 ዓ.ም. የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ዳይሬክተር የመቅደላ ዕቃዎች በረጅም ጊዜ ብድር ወደ ኢትዮጵያ ሊመጡ ይችላሉ የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። የራስን ሀብት መበደር ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር እንደ ተጠበቀ ሆኖ፥ ለጎንደር የሚቀርበው ጥያቄ ሌላ ነው። በ2011 ዓ.ም. ከለንደን የተመለሰው የዐፄ ቴዎድሮስ ጉንጉን ፀጉር የገባው በአዲስ አበባ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ነገ የቁስቋም ዘውድ ቢመለስ በጎንደር የርክክቡን ወረቀት የሚፈርመው ማን ነው? በየትኛው መዝገብ፥ በስንት ቁጥር ይገባል? በየትኛው ክፍል ያድራል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ዛሬውኑ በጽሑፍ መልስ የሰጠች ከተማ «መልሱልኝ» ስትል ቃሏ ይከብዳል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላልና፥ ከአጥሩ ጥገና ጎን ለጎን የባለቤቱን ስም መጻፍ የቦርዱም፥ የመምህሩም፥ የተማሪውም ሥራ ይሁን።