ተቃዋሚ ወንበር የሌለው አዳራሽ፦ የብሪታንያ የክርክር ባህልና የአውሮፓ ኅብረት ተጠራጣሪዎች

በለንደን፣ በዌስትሚኒስተር፣ የታችኛው ምክር ቤት መቀመጫዎች ፊት ለፊት ተፋጠው የተደረደሩ ናቸው። በአንዱ ወገን መንግሥት፣ በሌላው ተቃዋሚው ይቀመጣል። በመካከላቸው ወለሉ ላይ ሁለት ቀይ መስመሮች ተሰምረዋል፤ ርቀታቸው የሁለት ሰይፍ ርዝመት ነው ሲባል የኖረ ሲሆን ተናጋሪው መስመሩን ማለፍ አይፈቀድለትም። በስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ ፓርላማ አዳራሽ ግን ግማሽ ክብ ነው። አባላቱ በየአገራቸው ሳይሆን በፖለቲካ ቡድን ይቀመጣሉ። የመናገሪያ ጊዜ ለየቡድኑ ተሸንሽኖ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድና በሁለት ደቂቃ፣ ይታደላል፤ ንግግሩም በአስተርጓሚ በኩል በ24 ቋንቋዎች ይደመጣል። በዚያ አዳራሽ ተፋጥጠው የሚሟገቱት መንግሥትም ሆነ ነገ መንግሥት እሆናለሁ ብሎ የሚጠባበቅ ተቃዋሚ የለም። ዩሮስኬፕቲክ የሚባሉት፣ ማለትም የአውሮፓን ኅብረት በጥርጣሬ ወይም በተቃውሞ የሚመለከቱት ፖለቲከኞች በብሪታንያ የያዙት መልክ፣ ከርዕዮተ ዓለማቸው ባልተናነሰ ከዚህ የአዳራሽ ልዩነት የመጣ ነው።

የዘርፉ ተመራማሪዎች ፖል ታጋርትና አሌክስ ሽቸርቢያክ ተጠራጣሪዎቹን በሁለት ይከፍሏቸዋል፦ ከኅብረቱ መውጣትን ወይም የኅብረቱን ሐሳብ ከነጭራሹ አለመቀበልን የሚያራምዱት ጽኑዎቹ፣ በአንዳንድ ፖሊሲዎቹ ላይ ብቻ የሚያጉረመርሙት ደግሞ ለዘብተኞቹ ናቸው። ክፍፍሉ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን አንድ ፖለቲከኛ የት እንደቆመ እንጂ ለምን እንዲያ እንደሚናገር አያስረዳም። ለዚህኛው ጥያቄ የተሻለ መልስ የሰጠው አየርላንዳዊው የፖለቲካ ሳይንስ ሊቅ ፒተር ሜር ነው። ሜር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ዜጎች በኅብረቱ ውስጥ ሆነው ተቃውሞን ማደራጀት ካልቻሉ የሚቀራቸው ኅብረቱን ራሱን መቃወም እንደሆነ ተከራክሯል። (ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በብሪታንያ ጥርጣሬው በመጀመሪያ የግራው ክንፍ ጉዳይ እንደነበር ዛሬ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የሌበር ፓርቲ መሪ ሂዩ ጌትስኬል በ1962 በብራይተን በተደረገው የፓርቲው ጉባኤ ላይ፣ ወደ አውሮፓ ፌዴሬሽን መግባት የሺህ ዓመት ታሪክ ፍጻሜ ይሆናል ሲል አስጠነቀቀ። አገሪቱ በ1973 የኅብረቱን ቀዳሚ፣ የጋራ ገበያውን፣ ከተቀላቀለች በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ዊልሰን ጉዳዩን ለሕዝበ ውሳኔ አቀረበ፤ ሚኒስትሮቹም በአደባባይ እርስ በርስ እንዲሟገቱ ፈቀደ። ድምፅ ሊሰጥ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሰኔ 3 ቀን 1975፣ የክርክር ማኅበር በሆነው በኦክስፎርድ ዩኒየን የተካሄደው ክርክር በቴሌቪዥን ተላለፈ። ለአባልነቱ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ኤድዋርድ ሂዝና የሊበራሉ መሪ ጀረሚ ቶርፕ ቆሙ፤ በተቃራኒው ደግሞ ሁለት የመንግሥት ሚኒስትሮች፣ ባርባራ ካስልና ፒተር ሾር። ሾር የ«እሺ» ወገን ዘመቻ ሕዝቡን በፍርሃት እየነዳ ነው፣ ምግብ ታጣላችሁ፣ ሥራ ታጣላችሁ እያለ ያስፈራራል ሲል ሞገተ። አዳራሹ 493 ለ92 በሆነ ድምፅ ለአውሮፓ ወሰነ፤ አገሩም በ67 በመቶ ደገመው። በዚያ ምሽት አራቱም ተናጋሪዎች ሐሳባቸውን ከሥር ከመሠረቱ ለመዘርዘር ጊዜ ነበራቸው። የኋለኞቹ የቴሌቪዥን ክርክሮች ያጡት ትልቁ ነገር ይህ ጊዜ ነው።

የቀኙ ክንፍ መዞር የሚጀምረው ወግ አጥባቂዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር መስከረም 20 ቀን 1988 በብሩዥ የሥልጣንን በብራስልስ መሰብሰብ ተቃውማ ካደረገችው ንግግር ነው። ይሁን እንጂ ከብሩዥ ይልቅ ጥቅምት 30 ቀን 1990 በታችኛው ምክር ቤት የሆነው የበለጠ ገላጭ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት ዣክ ዴሎር የአውሮፓ ፓርላማ የአውሮፓ ማኅበረሰብ (የዛሬው ኅብረት) ዴሞክራሲያዊ አካል፣ ኮሚሽኑ ሥራ አስፈጻሚ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደግሞ እንደ ሴኔት እንዲሆን ይፈልጋል ብላ አስረዳችና ሦስት ጊዜ «አይሆንም» አለች። በወቅቱ ጎልቶ የተሰማው የእምቢታው ቁርጠኝነት ነበር። ነገሩ ረጋ ተብሎ ሲታይ ግን ውስጡ ከባድ እንቆቅልሽ አለ። የዴሎር ሐሳብ ብራስልስን የሚሾምና የሚሽር ፓርላማ ወዳለው መንግሥት ያስጠጋ ነበር፤ ተጠራጣሪዎቹ ግን ኅብረቱ ተጠያቂነት የለውም እያሉ፣ ተጠያቂ የሚያደርገውንም መንገድ የአገርን ሉዓላዊነት ይነጥቃል ብለው ዘጉት። ሁለቱም ሥጋቶች እውነተኛ ናቸው፤ አብረው ግን መቆም ይቸግራቸዋል። ከሁለት ቀን በኋላ ምክትሏ ጄፍሪ ሃው ሥልጣን ለቀቀ። ኅዳር 13 ቀን ባሰማው የስንብት ንግግር፣ ተጫዋቾቹ ወደ ሜዳ ሲገቡ የክሪኬት ዱላቸውን የገዛ አምበላቸው ሰብሮት ያገኙታል ሲል የታቸርን አመራር በምሳሌ ነቀፈ፤ ታቸርም ከዘጠኝ ቀን በኋላ መልቀቋን አስታወቀች።

ጥያቄውን በጠራ ቋንቋ ያስቀመጠው ግን ከግራው ክንፍ የሌበሩ ቶኒ ቤን ነው። ኅዳር 20 ቀን 1991 ምክር ቤቱ ኅብረቱን ባቋቋመው የማስትሪክት ስምምነት ዋዜማ ሲከራከር፣ መራጩ ገዥዎቹን ማሰናበት ካልቻለ ዴሞክራሲ የለም ሲል ተሟገተ። በኋላ ይህንኑ ለማንኛውም ባለሥልጣን ሊቀርቡ የሚገባቸው አምስት ጥያቄዎች አደረገው፦ ምን ሥልጣን አለህ? ከየት አገኘኸው? ለማን ጥቅም ታውለዋለህ? ተጠሪነትህ ለማን ነው? እንዴትስ ልናወርድህ እንችላለን? የውጭ ጥላቻም ሆነ የናፍቆት ዜማ ስለሌለባቸው፣ የዚህ ወገን ሙግት ካፈራቸው ሁሉ እጅግ የከበሩት እነዚህ ናቸው፤ የኅብረቱ ደጋፊዎችም ሊሸሿቸው ባልተገባ ነበር።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ ወደ ስትራስቡርግ ተሻገረ። የዩናይትድ ኪንግደም የነጻነት ፓርቲ፣ በአጠራሩ ዩኪፕ፣ በ1993 ተመሠረተ። በአገር ውስጥ የምርጫ ሥርዓት ወደ ምክር ቤት መግባት ያልቻለው ይህ ፓርቲ፣ በ1999 በብሪታንያ ለአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ ተመጣጣኝ ውክልና ሲጀመር ሦስት ወንበር አገኘ፤ ከሦስቱ አንዱ ናይጄል ፋራዥ ነበር። አንድ ቡድን ዕውቅና ሲያገኝ በጀት፣ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛና የመናገሪያ ተራ ስለሚያገኝ፣ ኅብረቱን የሚቃወሙት በኅብረቱ ገንዘብና መድረክ ተጠናከሩ። ፋራዥ በግማሽ ክቡ አዳራሽ ውስጥ እንደ ዌስትሚኒስተር ሰው ተናገረ። የካቲት 24 ቀን 2010 የአውሮፓ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ኸርማን ቫን ሮምፖይን የእርጥብ ጨርቅ ያህል እንኳ ግርማ የለህም ሲል ዘለፈው፣ ማን እንደመረጠውም ጠየቀው። ይቅርታ አልጠይቅም በማለቱ የአሥር ቀን አበሉ ተቀጣ። ዘለፋው የሚያስነውር ነበር፤ «ማን መረጠህ?» የሚለው ግን የቤን ጥያቄ ነው፤ ቅጣቱም መልስ አልሆነም። ከዚያ በፊት በመጋቢት 2009 ወግ አጥባቂው ዳንኤል ሃናን ለጉብኝት በመጣው ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን ፊት ያደረገው የሦስት ደቂቃ ያህል ውግዘት በዩቲዩብ ተሰራጭቶ ነበር። ሁለቱም ተናጋሪዎች የፈለጉት አድማጭ አዳራሹ ውስጥ አልነበረም፤ ብሪታንያ ውስጥ፣ ስክሪን ፊት የተቀመጠው ነበር።

በ2014 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ኒክ ክሌግ ፋራዥን በግንባር ለመግጠም ወሰነ። በበላ ልበልሃ ወግ ዕውነቱ ይረታል የሚል እምነት ነበረው። መጋቢት 26 እና ሚያዝያ 2 ሁለት ጊዜ ተገናኙ፤ የሕዝብ አስተያየት ሰብሳቢው ዩጎቭ ወዲያው በሰበሰበው አስተያየት ፋራዥ በመጀመሪያው 57 ለ36፣ በሁለተኛው 68 ለ27 በልጦ ተገኘ። ክሌግ ኅብረቱን የተከላከለው ባለበት እንደሚቀጥል ነገር ነው፤ የቤንን አምስተኛ ጥያቄ ግን አልነካም። በዚያ ግንቦት ዩኪፕ 24 ወንበር ሲያገኝ የክሌግ ፓርቲ ከ11 ወደ 1 ወረደ። የ2016ቱ ሕዝበ ውሳኔ ሲደርስ የክርክሩ ደረጃ ይበልጥ ወረደ። የመውጣት ዘመቻው በቀይ አውቶቡስ ላይ የጻፈውን፣ ለኅብረቱ ይላካል ያለውን የሳምንት 350 ሚሊዮን ፓውንድ የአገሪቱ የስታቲስቲክስ ባለሥልጣን አሳሳች ነው ቢለውም ቁጥሩ አልተነሳም፤ የመቆየት ወገን ደግሞ በምጣኔ ሀብት ማስፈራራት ላይ ተደገፈ፣ ሾር በ1975 የከሰሰውን ስልት እንደገና ይዞ። በዘመቻው መካከል፣ ሰኔ 16፣ የመቆየት ደጋፊዋ የፓርላማ አባል ጆ ኮክስ ተገደለች። ሰኔ 23 ቀን 51.9 በመቶው መራጭ መውጣትን መረጠ።

በአህጉሩ ነገሩ ሌላ መንገድ ያዘ። ፈረንሳይ ውስጥ ፖለቲከኛው ፊሊፕ ሴጋን በግንቦት 1992 በብሔራዊ ሸንጎ ማስትሪክትን ሲቃወም ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ተናገረ፤ በመስከረም ደግሞ በሶርቦን ከፕሬዚዳንት ሚተራን ጋር ፊት ለፊት ተከራከረ። ስምምነቱ በሕዝበ ውሳኔ ያለፈው በ51 በመቶ ብቻ ነው። ዴንማርክ በዚያው ዓመት እምቢ ብላ በ1993 እንደገና ተጠየቀች፤ አየርላንድም በሊዝበን ውል ላይ በ2008 እምቢ፣ በ2009 እሺ አለች። ሁለተኛው ጥያቄ ማሻሻያ ይዞ መምጣቱ እውነት ቢሆንም፣ እስኪስማሙ ይጠየቃሉ የሚል ቅሬታ መተዉ አልቀረም። ግንቦት 3 ቀን 2017 ለፈረንሳይ ፕሬዚዳንትነት የተወዳደረችው ማሪን ለፐን ከተፎካካሪዋ ከኤማኑኤል ማክሮን ጋር ባደረገችው የቴሌቪዥን ክርክር ከዩሮ የመውጣት ዕቅዷን ማስረዳት ተሳናት፤ ከሽንፈቱ በኋላም ፓርቲዋ ያንን ዕቅድ ተወ። በተከታዮቹ ዓመታት፣ የብሬግዚትም፣ ማለትም የብሪታንያ ከኅብረቱ የመውጣት፣ ውጣ ውረድ እየታየ፣ አብዛኞቹ የአህጉሩ ተጠራጣሪዎች ኅብረቱን ከውስጥ ወደ መለወጥ ዞሩ።

ከ2024ቱ ምርጫ በኋላ 720 ወንበር ባለው የአውሮፓ ፓርላማ ሦስት የቀኝ ተጠራጣሪ ቡድኖች በ84፣ በ78 እና በ25 ወንበር ተዋቀሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ፣ ከሰባት ሽንፈት በኋላ በስምንተኛ ሙከራው፣ ፋራዥ ከክላክተን የምርጫ ክልል ለታችኛው ምክር ቤት ተመርጦ ከቀዩ መስመር ጀርባ ተቀመጠ። ስትራስቡርግ ውስጥ ደግሞ ሐምሌ 10 ቀን 2025፣ ሩማንያዊው ጌዎርጌ ፒፔሪያ ባቀረበው ሐሳብ፣ ኡርዙላ ፎን ዴር ላየን በምትመራው የአውሮፓ ኮሚሽን ላይ የአመኔታ ማጣት ድምፅ ተሰጠ። ውሉ የሚጠይቀው ከተሰጠው ድምፅ ሁለት ሦስተኛውን ነው፤ 175 ደገፉ፣ 360 ተቃወሙ፣ 18 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ።