ሃያዎቹ ጥያቄዎች ቡሬ ሲደርሱ

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ኢንተርኔት ሱስ ጥናት ሲካሄድ በብዛት የሚያገለግለው አንድ መጠይቅ ነው፤ አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ኪምበርሊ ያንግ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጡት ባለ 20 ጥያቄ መለኪያ። ከውጭ የመጣ ሚዛን ታካሚ ሳይወጣበት በፊት ይፈተሻል። መጠይቅ ግን ቃሉ ከተተረጎመ በኋላ ይዘቱ ለአገሩ ሰው መስማማቱ ሲመረመር እምብዛም አይታይም።

ስያሜው ራሱ አመጣጡ ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በ1995 የኒውዮርኩ የሥነ አእምሮ ሐኪም ኢቫን ጎልድበርግ «የኢንተርኔት ሱስ» የሚል የሕመም መስፈርት ጽፈው ያሰራጩት ለቀልድ ነበር፤ ልማድን ሁሉ በሽታ የማለት የሙያውን ዝንባሌ ለመሸርደድ። ብዙዎች እንደ ቁም ነገር ያዙት። ዛሬም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዓለም የጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምደባ የኤሌክትሮኒክ ጨዋታን እንጂ የማኅበራዊ ሚዲያ ሱስን ራሱን ችሎ አልመዘገበም።

እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት ኢንተርኔት ከሚጠቀሙት መካከል 85 በመቶው ሱሰኛ ናቸው ብሏል። ሐኪም በዚህ ቁጥር ምን ያደርግበታል? ከመቶ ሰው 85ቱ በታመመበት ግቢ ታማሚውን ከጤነኛው ለይቶ ማከም የሚቻል አይመስለኝም። በዚያው ጥናት ጫት፣ አልኮልና የአእምሮ ጭንቀት ከሱሱ ጋር ተያይዘው መገኘታቸው በእኔ አስተያየት ከ85ቱ ይበልጥ ይመዝናል። ይሁንና መረጃው የተሰበሰበው በአንድ ወቅት በመሆኑ የትኛው የትኛውን እንዳመጣ አይናገርም።

መጠይቁን ከመቱ ወደ ጋምቤላ በሚወስደው መንገድ ላይ ወደምትገኘው ቡሬ ይዘነው እንሂድ። አንደኛው ጥያቄ፣ ሌላ ሥራ እያለብህ አስቀድመህ ኢሜይል ታያለህን? የሚል ነው። የቡሬ ወጣት ኢሜይል ቢኖረው ስልኩን ለማስጀመር ሻጩ የከፈተለት፣ የይለፍ ቃሉንም የማያስታውሰው ይሆናል። ሌላው፣ ከኢንተርኔት ስትርቅ የሚይዝህ ጭንቀት ስትመለስ ይለቅሃልን? ይላል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ በወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር፤ ከዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተዘጋ። ያን ጊዜ ደምቢዶሎ ወንድም ያለው የቡሬ ሰው ለዚህ ጥያቄ «ሁልጊዜ» ቢል፣ መለኪያው የወንድም ናፍቆትን ከሱስ ይቆጥርበታል።

ቋንቋውም አለ። አብዛኛው የአካባቢው ሕዝብ አፍ መፍቻው ኦሮምኛ ነውና መጠይቁ ምናልባት ሁለት ጊዜ ይተረጎማል። «ሱስ» የሚለው የአማርኛ ቃልም ቢሆን በቡና አገር ቀላል ቃል ነው፤ «የቡና ሱስ አለብኝ» የሚል ሰው በሽታውን መናዘዙ አይደለም።

ይህን ስል ጉዳቱን መካዴ አይደለም። ስልኩ በእርግጥ ይስባል፤ መለኪያው የማይጠይቀው ግን የሚስብበትን መንገድ ነው። መጠይቁ ሲወጣ ፌስቡክ አልነበረም፤ የ«ወድጄዋለሁ» ምልክቱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ገጹ ቢጎተት ቢጎተት አያልቅም። የሚቀጥለው ምስል አስደሳች ይሁን ተራ ቀድሞ አይታወቅም፤ ሽልማት መቼ እንደሚመጣ ካልታወቀ እንስሳ መሞከሩን እንደማይተው ስኪነር በእርግቦች ላይ ያሳዩት ከዚህ ሁሉ በፊት ነው። የኢሉባቦር ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስተኛው ላይ ሲኒው ይሰበሰባል። ስልኩ በረካ የለውም፤ ሠሪዎቹ እንዳይኖረው አድርገው ሠርተውታል። ታዲያ ሃያውም ጥያቄ ለወጣቱ ብቻ ቀርቦ ስለ ሠሪው አንድም አለመነሳቱ ፍርዱን አንድ ወገን ብቻ የተሰማበት ያደርገዋል።

በተመላላሽ ክፍል ውስጥ ለእኔ ከሃያዎቹ ጥቂቶች ይሻሉኛል፤ ትናንት ስንት ሰዓት ተኛህ? ስልኩ የት ነበር? ጫት ነበረ? ከመተኛትህ በፊት ምን ያሳስብህ ነበር? ሐኪሙም ይህን ሲጠይቅ የራሱን ስልክ ከጠረጴዛው ቢያነሳ መልካም ነው። ለምርምር ከሆነ ደግሞ ያንኑ መጠይቅ በሌላ ግቢ ከመድገም፣ መቱ ዩኒቨርሲቲን የመሰለ ቅርብ ተቋም ጥቂት ተማሪዎችን ከምዝገባ እስከ ፈተና ማግስት ተከታትሎ እንቅልፋቸውን ቢመዘግብ፣ ጭንቀቱ ስልኩን ይቅደም ስልኩ ጭንቀቱን ለማወቅ ይቀርበን ነበር።